በገደሉ አፍ ያቆምኩት ካብ

መንገድ ሲያዩ መሄድ የሚያምራቸው ሰዎች አሉ። እኔን ደግሞ መንገድ ሳይ የሚያምረኝ ከመንገዱ መውጣት ነው። ይህን ጠባዬን እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምታውቅ ቤተ ክርስቲያን ስትልከኝ እንኳ «በቀጥታው ሂድ፣ በቀጥታው ተመለስ» ሳትለኝ አትቀርም ነበር። ካሜራ እጄ ከገባ በኋላ ጭራሽ ባሰብኝ። ቀድሞ «እዚያ ምን ልታደርግ ሄድክ?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ካሜራው ከመጣ ወዲህ ግን መልስ አገኘሁ፤ «ፎቶ ላነሳ» እላለሁ።

መቀሌ የሄድኩት ጣልያን በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ አማርኛ እንዳስተምር ከሸዋ ተልኬ ነው። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ነበረች። ከገበያው ተነስቶ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ እስካለው አሮጌ ምሽግ ድረስ ደርሶ ለመመለስ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይበቃል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያን ኮረብታ ከየአቅጣጫው አንስቼ ጨረስኩት። ካሜራዬን የገዛሁት ጓዙን እየሸጠ ወደ አገሩ ለመመለስ ከተነሳ አንድ ጣልያናዊ መካኒክ ነው። ሲዘረጋ እንደ አኮርዲዮን ይለጠጣል፣ ሲታጠፍ ኮት ኪስ ይገባል። አንዱ ጥቅል ፊልም ስምንት ጊዜ ብቻ ያነሳል፤ እሱም ከአስመራ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ነበር የሚመጣልኝ። ስለዚህ አንዲቱን ለማንሳት ግማሽ ቀን ባስብ የሚፈርድብኝ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ግን ነበር።

ከሚፈርዱብኝ አንዷ ቤት ያከራዩኝ እመቤት ነበሩ። እኔ «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ወደይ» ይሉኛል፤ እናቴና ልጄ እንደማለት ነው። በመቀሌ ትልቅ ሰውን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ይህን ቶሎ ተማርኩ። ሰው ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፎቶ መነሳት በሚመኝበት ከተማ እኔ ተራራና ሸለቆ ብቻ ማንሳቴ ያበሳጫቸው ነበር።

«ወደይ፣ ገደል ምን ፊት አለው ብለህ ነው?» ይሉኛል፣ ፊልሙን የማጥብበትን ውኃ በእንስራ እየሰጡኝ። ከዓይናለም መንደር በአህያ የመጣ ውኃ ነው። የሌላው ጉድጓድ ውኃ ፊልሙ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይተውብኝ ስለነበር ያንን ነበር የምለምናቸው። «ለመጠጥ ያመጣሁትን ለገደል ታጠጣዋለህ!»

ባለቤታቸውን ደግሞ «ኣቦይ» እላቸዋለሁ፣ አባቴ እንደማለት። ኣቦይ የጨው ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ሲባል ሱቅ ያላቸው አይምሰላችሁ፤ ያላቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። እሷን ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ምሥራቅ ቆላ ይወርዱና አሞሌ ጨው ጭነው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚህ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። አማርኛቸውን የተማሩት ጨው ይዘው እስከ ወሎ ድረስ ሲሄዱ ነው። ጥሩ አማርኛ ነበር፤ ብቻ ሲናደዱና ሲደሰቱ ወደ ትግርኛቸው ይመለሱ ነበር። ዐይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሄዷል። ሰውን በድምፁ፣ ቤትን በግድግዳው ነበር የሚለዩት። የጨውን መንገድ ግን ማንም አይስተውም ይሉኛል፤ ምክንያቱም ካቡ አለ።

ካቡ ማለት የድንጋይ ክምር ነው። ከመቀሌ በኲሓ በኩል ወጥቶ ሙሉ ቀን ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደጋው በድንገት ያበቃና ከእግር በታች ገደል ይሆናል። በዚያ ዳር ላይ መንገዱ በሜዳማ ድንጋይ መሀል ስለሚያልፍ ኮቴ አይታይበትም። በተለይ በጥርና በየካቲት ከቆላ የሚወጣው ጉም ሲሸፍነው የገዛ እጅን ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ የጥንት መንገደኞች በየርቀቱ ጥቁር ድንጋይ ከምረው በላዩ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀምጠዋል። ጥቁሩ ከጉም ጋር ቢጠፋ ነጩ ይታያል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ ከመንገድ አንስቶ ካቡ ላይ ሳይጨምር አያልፍም። ጨምሮ ነው የሚሻገረው። ያቆመው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሚያፈርስም የለም።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ኣቦይ እስከ ገደሉ ዳር ድረስ ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር። እዚያ እነሱ ወደ ቆላ ይወርዳሉ፣ እኔ ከዳር ካለው መንደር አድሬ ወደ መቀሌ እመለሳለሁ። በመንገድ ላይ የእኔና የእሳቸው ጭቅጭቅ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ከመንገድ እወጣለሁ፣ እሳቸው ይጠሩኛል።

«ወደይ፣ ንዓ! ከካቡ ወዲህ ያለው የኛ ነው፣ ከካቡ ወዲያ ያለው የዝንጀሮ ነው!»

«ዝንጀሮ ጥሩ ቦታ ይመርጣል፣ ኣቦይ።»

«እወ፣ እሱ አራት እጅ አለው!»

እየሳቁ ነው የሚቆጡኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ አገር እንደ ልጃቸው እንጂ በሌላ ዐይን ያላዩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው የሸዋው መምህር ነበርኩ፤ ይከበራል፣ ይሸኛል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ኣቦይ ግን በቅሏቸውን እንደሚጠሩት ነበር የሚጠሩኝ፤ በመቆጣትና በመውደድ መካከል።

ያንን ፎቶ ያነሳሁት በጥቅምት ነው። ዝናቡ ካበቃ ሳምንት አልሞላውም፤ አየሩ ታጥቦ ወጥቷል። ከቀትር በኋላ ገደሉ ዳር ደረስንና ነጋዴዎቹ ጭነት አራግፈው ማረፍ ጀመሩ። እኔ ከመጨረሻው ካብ ወጥቼ በግራ በኩል ወደ ገደሉ የገባ አፍንጫ መሳይ ቦታ ላይ ደረስኩ። እዚያ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ተራራው ከተራራ ሥር፣ ሸለቆው ከሸለቆ ሥር እየወረደ፣ ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ እየሳሳ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ታበራለች። ጨው ያለበት ሜዳ ነው። ነጋዴዎቹ ለስንት ቀን በእግር የሚሄዱበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዐይኔ ውስጥ ገባ።

የካሜራው መቆሚያ አንድ እግሩ ተሰብሮብኝ ነበር። በእጄ ይዤ ባነሳ ይንቀጠቀጥብኛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ የሌንሱን መስኮት አጥብቦ፣ ረጋ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ነው የሚነሳው። ዞር ዞር አልኩና እስከ ወገቤ የሚደርስ የጥቁር ድንጋይ ክምር ሠራሁ። ካሜራው እንዳያጋድል ከላይ ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሰነጠቀው በዚያ አገር ነጩ ድንጋይ ነው። አንዱን አምጥቼ ከላይ አጋደምኩት። ካሜራዬን አስቀመጥኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አነሳሁ።

ከዚያ ካሜራዬን አጥፌ ሮጥኩ። ድንጋዩን ለማፍረስ ያሰብኩት ነገር የለም። ለምን አስባለሁ? ለእኔ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከከመርክ አፍርሰህ ሂድ ብሎ የነገረኝም ሰው የለም። በኋላ ሳስበው የሚነግረኝ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር፤ በዚያ መንገድ ከሚሄዱት ውስጥ ያለ ነገሩ ድንጋይ የሚከምር ሰው ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለማ።

«አገኘኸው?» አሉኝ ኣቦይ ስመለስ።

«አገኘሁት!»

«ደሓን። አሁን እንግዲህ እንደ ሰው ተቀመጥ።»

ፎቶው ሲታጠብ ካሰብኩት በላይ ሆነ። አንድ እንከን ብቻ ነበረው። ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለነበረች የእኔና የክምሩ ጥላ ተጋድሞ በግርጌው ገብቷል። ወረቀቱን በመቀስ ከሥሩ ቆረጥኩና ጥላውን ጣልኩት። የቀረውን ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩ። አደይ ገብተው ተጠግተው አዩት። «ፊት አለው ለካ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በውኃው ነገር አልጨቀጨቁኝም። እኔም ለአንድ ወር ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

በጥር መጨረሻ ኣቦይ ከቆላ ሲመለሱ ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ጓደኞቻቸው ከተማ ገብተው «በቅሎዋ እግሯን አመማት፣ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ ነገ ከገደሉ ዳር ይወጣሉ» አሉን። ለሦስት ቀን ትምህርት አልነበረም። ልቀበላቸው ተነሳሁ። ካሜራዬንም ያዝኩ፤ ጉም በገደል ላይ ሲተኛ አንስቼ ስለማላውቅ እግረ መንገዴን አነሳለሁ ብዬ ነው። ከዳር ካለው መንደር አደርኩና ጠዋት ወጣሁ።

ጉም ነበር፤ ወተት ውስጥ እንደመሄድ። ከካብ ወደ ካብ እየቆጠርኩ መጨረሻው ካብ ላይ ስደርስ ድንጋይ ጨመርኩ። ቀና ስል በግራዬ በኩል፣ ምንም ሊኖር በማይገባው ቦታ፣ አንድ ነጭ ነገር አየሁ። ሌላ ካብ ያለ መሰለኝና እግሬን አነሳሁ። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ገባኝ። የእኔ ድንጋይ ነበር።

ክምሩ ዘንድ ደረስኩ። በጥቅምት እንደተውኩት ቆሟል። እንደተውኩት ግን አልነበረም። ከነጩ ሥር፣ በጥቁሮቹ መካከል፣ እኔ ያላስቀመጥኩት አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ ተጨምሯል። በጥንቃቄ፣ እንዳይወድቅ ተደርጎ የገባ ነው። ሰው በዚህ አልፏል። ከድንጋዩ ወዲያ ደግሞ አሥር እርምጃ የሚሞላ መሬት የለም።

ጮህኩ። ከታች፣ በጣም ከቅርብ፣ የደከመ ድምፅ በትግርኛ መለሰልኝ። ኣቦይ ነበሩ። ሁለት የሰው ቁመት ያህል ወርደው አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። በቅሎዋ ከፊታቸው ትሄድ ስለነበር እሷ እዚያ ላይ አልቆመችም፤ ገደሉ ወስዷታል። ጋቢዬንና ነጠላዬን ቋጥሬ አወረድኩላቸው፣ እግሬን ቋጥኝ ላይ ተክዬ ሳብኩ። እሳቸውም በገደል የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጣታቸውን የሚያስገቡበት ስንጥቅ አላጡም። ሲወጡ ዳሌያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም።

«ካቡን አገኘሁ» አሉኝ። «ድንጋዬን ጨመርኩ። አለፍኩ። መሬቱ የለም።»

«ትንሽ ይረፉ፣ መንገዱን ልየው» አልኳቸው።

ሄጄ ክምሩን አፈረስኩ። ነጩን ወርውሬ በሣር ውስጥ በፊቱ ደፋሁት፤ ጥቁሮቹን በተንኩ፤ ቀዩንም ወረወርኩት። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው ያደረግኩት። ይህ እውነት ነው። ማንም እንዳያየው ብዬም ነው ያደረግኩት። ይህም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛው እጄን እንዳፈጠነው እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ አድርገው መቀሌ አደረሱልን። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ምስጋና በሕይወቴ ሌላ ጊዜ አላየሁትም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እጄን ይስመኛል። አደይ ማር አምጥተው ክፍሌ ውስጥ አስቀመጡ። «በዚያ ሁሉ ጉም የት እንዳሉ እንዴት አወቅህ?» ሲሉኝ «ነጭ ድንጋይ አየሁ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን የባሰ ነበር። ማሩን አልቀመስኩትም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኞቻቸው ኮርቻውንና የተረፈውን አሞሌ ሊፈልጉ ሄዱ። ኮርቻውን አግኝተው ተመለሱ። የኣቦይ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ካቡንስ አያችሁት?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «በዚያ በኩል ካብ የለም» አሉ አንዱ፣ ቀስ ብለው። «ኖሮም አያውቅም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኣቦይ መክሰም ጀመሩ። ዳሌያቸው እየዳነ ሄደ፣ እሳቸው ግን አልዳኑም። ዐይናቸው ሲደክም ሞራ ነው ብለው ተቀብለውት ኖረዋል። ይህ ግን ሌላ ነበር። የሌለ ካብ አይተዋል፣ በሌለ ካብ ላይ ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ልባቸው ሄዷል፣ ሰውነታቸውን ከእንግዲህ ማመን አይችሉም። እንዲህ ብለው ደመደሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብቻቸውን ይሄዱበት ወደነበረው ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የሰው እጅ ይጠይቁ ጀመር። ውኃ ሲሰጧቸው «ውኃ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አደይ ማልቀስ ሲያምራቸው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

እኔም ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «ኣቦይ፣ ካሜራዬን ልሽጠውና በቅሎ እንግዛ» አልኳቸው። ሳልናገር ልከፍል ፈልጌ ነው።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ወደይ፣ በቅሎ ምን ያደርግልኛል? የማየውን ካላመንኩ ወዴት እነዳታለሁ?»

በዚያው ሳምንት አደይ ክፍሌ ድረስ መጡ። ኣቦይ ኮርቻውንና ገመዱን የውኃውንም ስልቻ ለአንድ ወጣት ነጋዴ ሊሰጡ መሆኑን ነገሩኝ። «ያን ከሰጠ የሚያስነሳው የለም። አንተን ይሰማሃል። ከሞት ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ንገረው» አሉኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አዩና እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ያ ራስ መነቅነቅ ከስድብ ሁሉ በላይ አቃጠለኝ።

እሳቸው ሲወጡ በሬን ዘጋሁ። መስኮቱን በጨርቅ ጋርጄ የጥቅምቱን ኔጌቲቭ አወጣሁና እንደገና አተምኩት። በዚህ ጊዜ መቀስ አልነካሁም። ጥላው ከሥሩ ወጣ፦ የእኔ ራስና ትከሻ፣ ከፊቴ የድንጋይ ክምር፣ በላዩ ጠፍጣፋ ነገር። ከዚያ ሁሉ ውብ ገደል ይልቅ ጥላው ጎልቶ ታየኝ።

ሳይደርቅ ይዤው ሄድኩ። ኣቦይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አደይ አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የተሰበረውን መቆሚያ፣ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ነጩን፣ የቆረጥኩትን ጥላ፣ በጉሙ ውስጥ ያፈረስኩትን። ጣታቸውን ይዤ በወረቀቱ ላይ በጥላው ዙሪያ አዞርኩት። ሞራው ቢጋርዳቸውም ጥቁርና ነጭ ይለያሉ። አደይ ምስሩን እንደያዙ ቀሩ።

ኣቦይ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ።

«ድንጋዬስ?» አሉኝ። «ያስቀመጥኩት ድንጋይ፣ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀላ ያለ ነው። ከነጩ ሥር አስገብተውታል።»

«የት አደረስከው?»

«ወረወርኩት።»

ፊታቸው ተለወጠ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ምክንያቱም ይህን ጊዜ ፈገግታ አልነበረበትም። ስለ በቅሎዋ የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። ስለ በቅሎዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ያበድኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ይህን ሁሉ ቀን አጠገቤ እየተቀመጥክ፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ «ተነሥ፣ ሂድልኝ» አሉኝ።

ለብዙ ቀን ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ፊታቸውን አያዞሩልኝም። አደይ ውኃውን በር ላይ አስቀምጠው ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ሌላ ቤት ልፈልግ ነበር። አንድ ነገር ግን አየሁ። በእሑዱ ኣቦይ በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ኮርቻውም ከግድግዳው አልወረደም። ከቤታቸው ብባረርም ለዚህ ስል ደስ አለኝ፤ በጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አደይ በሬን አንኳኩ። «ይጠራሃል» አሉኝ። ሄድኩ።

«ውሰደኝ» አሉ ኣቦይ። ሰላምታም አልሰጡኝም። «ድንጋዩን አሳየኝ።»

የጎረቤት በቅሎ ተውሰን ቀስ እያልን ሄድን። ለሁለት ቀን መንገድ ላይ የተነጋገርነው አሥር ቃል አይሞላም። በየካቡ ስር ይወርዳሉ፣ ድንጋይ ይጨምራሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። እኔም እጨምራለሁ። መጨረሻው ካብ ላይ በቅሎዋን አሰርናትና እጃቸውን ይዤ በግራ በኩል ወጣሁ። ከመንገድ ለመውጣት እግሬ ሲፈራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት ነበር፤ ከላይ ሰማዩ ጠርቷል። ነጩን ድንጋይ ከሣሩ ውስጥ አገኘሁት። በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ጠርዙን፣ ጠፍጣፋውን ፊት። «ጥሩ ድንጋይ ነው» አሉ። ቀዩን ግን ለማግኘት ብዙ ፈለግሁ። በጉልበቴ እየዳኸሁ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አወጣሁትና እጃቸው ላይ አኖርኩት። ገለበጡት። አንድ በኩሉ ላይ አውራ ጣታቸው የምትገባበት ጎድጓዳ ነበረው፤ ጣታቸው ፈልጎ አገኘው።

«እወ» አሉ። «ይህ ነው። ልቤ አልሄደም።» ደግመው ደጋግመው «ልቤ አልሄደም» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ከዚያ «እሱ ነገር የቆመበት ቦታ የት ነው?» አሉኝ። ካሜራውን ማለታቸው ነው። አመጣኋቸውና ከዳሩ በቂ ርቀት ላይ፣ ክምሩ በነበረበት አቆምኳቸው። በቀበቷቸው ያዝኳቸው። ነፋሱ ነጠላቸውን ያራግበዋል።

«በዚህ መንገድ ስሄድ ስኖር ቀና ብዬ አላየሁትም» አሉኝ። «የበቅሎዬን ኮቴ ነበር የማየው። ምን አለ?»

ነገርኳቸው። ቅርቡን ተራራ፣ ከሥሩ ያለውን፣ ደግሞ ከሥሩ ያለውን። አንገታቸውን አስግገው በሞራው ውስጥ ለማየት ይታገላሉ። ድንገት በበትራቸው ወደ ታች ጠቆሙ።

«ያ! ያ ነጩ! አየሁት! ጨው ነው ወይ?»

አየሁ። ጨው ያለበት ሜዳ በዚያ ቀን አይታይም ነበር። እሳቸው የሚያዩት ሸለቆውን ሞልቶ የተኛውን ጉም ነው። ዳሌያቸው ከእንግዲህ ወደ ቆላ አያወርዳቸውም፤ ጨው ያለበትን አገር ዳግመኛ እንደማያዩት ሁለታችንም እናውቃለን። ፊታቸው እንደ ሕፃን በርቷል። «እወ፣ ጨው ነው» ብል ማንን እጎዳለሁ? ቃሉ አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር።

«አይደለም፣ ኣቦይ» አልኩ። «ጉም ነው።»

ብርሃኑ ከፊታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። እንደገና ወደ ነጩ ተመለከቱ።

«ሓቂ?» አሉኝ።

«ሓቂ።»

ቀዩን ድንጋያቸውን በብብታቸው ሥር አደረጉ። ነጻ እጃቸውን አንስተው ትከሻዬን ፈለጉና ያዙት፤ ወደ መንገዱ አዞሩኝ።

«በል ወደይ፣ ቅደም» አሉኝ። «እከተልሃለሁ።»